ማሞቂያ በሌለበት አገር የማሞቂያ ቆጣሪ ማጥናት፦ ስማርት ቆጣሪ፣ ኤአይ እና የጎጃም ቦይለሮች

ጣና_ዳር (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር በተርማል ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። አማካሪዬ ያቀረበልኝ ርዕስ «በስማርት ቆጣሪ (ንባቡን ራሱ ከርቀት በሚልክ ቆጣሪ) መረጃና በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የዲስትሪክት ሂቲንግን ብክነት መቀነስ» የሚል ነው። ለማያውቀው፦ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ማሞቂያ ከሚያነድ ይልቅ ከተማው ከአንድ ወይም ከጥቂት ማዕከሎች ሙቅ ውሃ በቧንቧ እየተቀበለ ቤቱን ያሞቃል፤ የቀዘቀዘው ውሃ በሌላ ቧንቧ ተመልሶ እንደገና ይሞቃል። ዲስትሪክት ሂቲንግ የሚሉት ይህን ነው።

የመረጃ ችግር የለብኝም። ከዴንማርኳ ኦልቦርግ ከተማ ከ3,000 በላይ የሙቀት ቆጣሪዎች የሦስት ዓመት ንባብ፣ በየሰዓቱ የተመዘገበ፣ ማንም እንዲያወርደው ተለቋል። የቸገረኝ ሌላ ነው። የክፍል ጓደኞቼ «በሚያዝያ ሙቀት ጣና ዳር ተቀምጠህ ስለ ማሞቂያ ልትጽፍ?» እያሉ ይስቁብኛል። መሳቃቸውስ ይሁን፤ ፈታኞቹ «ለአገርህ ምን ይፈይዳል?» ያሉኝ ዕለት ምን እመልሳለሁ? ርዕሱን ልያዘው ወይስ ልቀይረው?

ሞጣ_ቀራንዮ

ባሕር ዳር ቬንትሌተር ይበቃታል። ማሞቂያውን ለደብረ ማርቆስ ስጡልን። እንጅባራዎችም ከኋላ ተሰለፉ።

ማርቆሴ_በስደት

ሞጣ፣ ልክ ብለሃል፤ ማርቆስ በሐምሌ ጋቢ ደራርበህም አይመልስልህም። ግን እዚህ ያለው ብርድ ሌላ ነው። ዴንማርክ ውስጥ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃዎች ማኅበር የጥገና ክፍል ነው የምሠራው፤ ስለዚህ የተጠየቀው ነገር የዕለት እንጀራዬ ነው።

እነዚህ ሰዎች ነገሩን ያስፋፉት ለድሎት ብለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ዴንማርክ ቤቷን የምታሞቀው በአብዛኛው ከውጭ በሚገባ ዘይት ነበር፤ ክፉኛ ተመታች። በ1979 የሙቀት አቅርቦት ሕግ አወጡና የትኛው ሰፈር በሙቅ ውሃ፣ የትኛው በጋዝ እንደሚሞቅ ማዘጋጃ ቤቶቹ እንዲያቅዱ አደረጉ። ዛሬ ከሦስት ቤት ሁለቱ ገደማ ከመስመሩ ጋር የተገናኘ ነው። ኮፐንሃገን ውስጥማ ያልተቀጠለ ቤት ፈልገህም አታገኝ።

ወደ ቆጣሪው ልምጣ። የሙቀት ቆጣሪ ሦስት ነገር አለው፦ የውሃውን ፍሰት የሚለካ (አሁን አሁን በአልትራሳውንድ ነው)፣ ወደ ቤት በሚገባው ቧንቧ ላይ አንድ ቴርሞሜትር፣ በሚወጣው ላይ ሌላ። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 1.16 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጥሃል። ውሃው 70 ዲግሪ ገብቶ በ40 ከወጣ ከእያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ 35 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቤቱ ወስዷል። በ55 ከወጣ ግን የወሰደው 17 ብቻ ነው። ቤቱ ያንኑ ሙቀት እንዲያገኝ እጥፍ ውሃ መገፋት አለበት፤ ፓምፑ ይበላል፣ ቧንቧው አይበቃም፣ ትኩሱ ተመላሽም መንገድ ላይ ሙቀቱን ለአፈሩ ያድላል። እንዲያውም በዚህ አገር ወደ መስመሩ ከሚገባው ሙቀት 20 በመቶ አካባቢ መንገድ ላይ ይባክናል።

ለዚህ ነው ብዙ አቅራቢዎች ተመላሹን ውሃ አይተው ሂሳብ የሚጨምሩትና የሚቀንሱት። በደንብ አቀዝቅዘህ ከመለስክ ይቀንስልሃል፣ ትኩሱን ከመለስክ ትቀጣለህ። አዲስ ተከራይ መጥቶ «ሙቀት የሚሸጥ ሰው እንዴት ቀዝቃዛ መልስልኝ ይላል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል።

ጣና_ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። እኔ እስካሁን የፍጆታውን ቁጥር ብቻ ነበር የማየው። ስለዚህ ትልቁ ነገር የተመላሹ ሙቀት ነው ማለት ነው። ኤአዩስ የት ጋ ይገባል? የማነባቸው ጽሑፎች ሁሉ ሰማይ ያደርሱታል።

ዳሞት_ኮድ

በመረጃ ትንተና ሥራ ላይ ነኝ፤ በዚህ ዓይነት መረጃ ላይ ትንሽ እጄን አስገብቻለሁ።

የጭነት ትንበያው ቀላሉ ነው። የነገን የአየር ሁኔታ፣ ሰዓቱን፣ የሳምንቱን ቀንና ያለፉትን ቀናት ፍጆታ ትሰጠዋለህ፤ የከተማውን ፍላጎት በየሰዓቱ ይነግርሃል። ኦፕሬተሮች ይህን ከድሮም በልምድ ያደርጉት ነበር፤ ሞዴሉ ይበልጣቸዋል እንጂ አዲስ ነገር አላመጣም። ጥቅሙ የሚታየው ቀጥሎ ነው፦ ትንበያው ከታመነ ማዕከሉ «ለማንኛውም» እያለ ውሃውን ከሚገባው በላይ አያሞቅም፤ የሚላከው ውሃ ጥቂት ዲግሪ ሲወርድ በመስመሩ ሁሉ የሚባክነው አብሮ ይወርዳል። እንዳሻህ ግን አትወርድም። መጨረሻ ላይ ያለው ቤት መድረስ አለበት፤ የመታጠቢያው ውሃ ለብ ብሎ ከቆየ ደግሞ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ይራባበታል።

እኔን የሚያጓጓኝ ብልሽት ማግኘቱ ነው። የስዊድን ተመራማሪዎች የሕንፃዎችን የየሰዓት ንባብ አንድ በአንድ ሲመረምሩ አብዛኞቹ ላይ አንድ ዓይነት ጉድለት አገኙ። የማይዘጋ ቫልቭ፣ ቦታውን የሳተ ሴንሰር፣ የቆሸሸ ሂት ኤክስቼንጀር (ሙቀቱን ከመስመሩ ውሃ ወደ ቤቱ ውሃ የሚያስተላልፈው)፣ ማንም በሌለበት ሰዓት የሚሠራ የአየር ማናፈሻ። እነዚህ ብልሽቶች ለምን ዓመታት እንደሚቆዩ ታውቃለህ? ነዋሪው ስለማይሰማው ነው። ቫልቩ ተከፍቶ ቢቀር ቤቱ ይሞቃል እንጂ አይበርድም፤ ማንም ስልክ አይደውልም። አቅራቢውም ድሮ ቆጣሪውን በዓመት አንዴ ሲያነብ የሚያየው ጠቅላላ ድምር ነበር። የየሰዓቱ ንባብ ሲመጣ ያ ቤት ብቻውን ጎልቶ ወጣ።

ሞዴሉ የሚሠራው ይህን ብቻ ነው፦ ለእያንዳንዱ ቤት «ውጭው እንዲህ ሲበርድ ያንተ ተመላሽ ይህን ያህል መሆን ነበረበት» የሚል ግምት ይይዛል፣ የራቀውን ያወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ተራ ሪግሬሽን፣ ማለትም በነጥቦቹ መካከል መስመር የሚያሰምር ቀላል ስታቲስቲክስ፣ ይበቃዋል። ትልቅ ኒውራል ኔትወርክ የሚያስፈልገው ወረቀቱን ለማሳተም ነው (ይቅርታ አማካሪህ እዚህ ካሉ)።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ያወረድከው መረጃ ለሂሳብ መጠየቂያ የተሰበሰበ ነው፤ ኪሎዋት ሰዓቱ ወደ ታች ተቆርጦ በሙሉ ቁጥር ነው የተቀመጠው። በክረምታቸው ችግር የለውም። በበጋቸው ግን ቤቱ ጥቂት ስለሚወስድ 0፣ 0፣ 1፣ 0፣ 0፣ 1 እያለ ይሄዳል፤ ሞዴልህ ያንን እንደ ሰው ባህርይ ይማረዋል። ቢያንስ መጀመሪያ በቀን ደምረው።

እንጅባራ_ብርድ

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ በየሰዓቱ ከተነበበ ሌባ ቤቱ ባዶ መሆኑን አያውቅም ወይ? ሁለተኛ፣ ሞጣ ቀለደ እንጂ እንጅባራ እውነት ብርድ ነው። ለምን እኛ ጋ አይዘረጋም?

ማርቆሴ_በስደት

ለመጀመሪያው፦ አዎ፣ የየሰዓት ንባብ መቼ እንደምትነሳ፣ መቼ እንደምትታጠብ፣ ቤት መኖር አለመኖርህን ይናገራል። የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ ይህን እንደ ግል መረጃ ነው የሚያየው። ቆጣሪው ሲልክም መረጃው በሚስጥር ኮድ ተቆልፎ ነው። ለምርምር የሚለቀቀው ስምና አድራሻው ተነሥቶ ነው።

ለሁለተኛው፦ ወንድምዓለም፣ አያዋጣም። የቧንቧው ወጪ ከባድ ነው፤ የሚመለሰው በአጭር መንገድ ላይ ብዙ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ሲሸጥ ነው። እዚህ ክረምት ማለት ለወራት ቀንም ሌሊትም ቤት ሲሞቅ ነው። የእኛ ብርድ የሌሊትና የዝናብ ነው፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጣች ማለት አለቀ። ለእንጅባራ የሚሻለው ጣሪያውን ኮርኒስ ማልበስ፣ የበርና የመስኮቱን ሽንቁር መድፈን ነው።

ጡረተኛ_ቦይለር

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ቦይለር ክፍል ውስጥ ነው፤ የትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ይቅር። ዴንማርክን አላውቃትም፤ «ቤቱ ስለሚሞቅ ማንም አይደውልም» የሚለውን ሳነብ ግን የኛን ቤት ጉድ ማን ነገራቸው አልኩ።

እንፋሎት ከቦይለር ወጥቶ ወደ ማቅለሚያው፣ ወደ ማድረቂያው፣ ወደ ማብሰያው ይሄዳል። ሙቀቱን ሰጥቶ ሲጨርስ ውሃ ይሆናል፤ ኮንደንሴት ነው የምንለው። በየማሽኑ መጨረሻ ስቲም ትራፕ አለ። ሥራው ውሃውን ማሳለፍ፣ እንፋሎቱን መያዝ ነው። ትራፑ ተዘግቶ ከተበላሸ ማሽኑ ይቀዘቅዛል፣ ኦፕሬተሩ ይጮሃል፣ በዚያው ፈረቃ ይጠገናል። ተከፍቶ ሲበላሽስ? ማሽኑ እንዲያውም ደህና ይሞቃል። እንፋሎቱ እንደ ተበሳ እንስራ ሳይሠራ ይፈስሳል። የኮንደንሴት ታንከሩ አናት ላይ ነጭ ጭስ ይንቦለቦላል፤ በመንገድ የሚያልፈው ሰው «ፋብሪካው ዛሬ ተጧጡፏል» ይላል።

በ7 ባር ግፊት 3 ሚሊ ሜትር የምትሆን ቀዳዳ በሰዓት ከ20 ኪሎ በላይ እንፋሎት ታወጣለች። ሌት ተቀን ከተሠራ በቀን ግማሽ ቶን አካባቢ ነው። ያ እንግዲህ በዶላር በተገዛ ከባድ ጥቁር ናፍጣ የፈላ፣ ኬሚካል ገብቶበት የተጣራ ውሃ ነው። አንዱ ትራፕ ብቻ ነው ይህ።

እኛ በጆሮ ነበር የምንለየው። የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ትራፑ ላይ ታስደግፋለህ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ። እየቆየ የሚተነፍስ ከሆነ ደህና ነው። ሳያቋርጥ የሚያፏጭ ከሆነ አልቆለታል። ጆሮ ያለው ሰው ፈረቃ ሲቀየር ግን ዕውቀቱም አብሮ ቤቱ ይገባል። ኮንደንሴት መመለሻው ላይ ቆጣሪ ይገዛልን ብለን በጽሑፍ ጠይቀን ነበር፤ መልስ አልመጣም። ከላክነው ውሃ ስንቱ እንደሚመለስ ሳናውቅ ነው ጡረታ የወጣሁት።

ስለዚህ ጣና ዳር ልጄ፣ ፈታኞችህ ሲጠይቁህ መልሱ ይኸው። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያው፣ የተማሪ ምግብ ማብሰያው፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ዘይት መጭመቂያው፣ እንፋሎት ያለበት ሁሉ ይህ አለበት።

ዳሞት_ኮድ

አያ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ለጣና ዳር አንድ መከራከሪያ ልጨምርልህ፦ እንፋሎት የዲስትሪክት ሂቲንግ የመጀመሪያው ትውልድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሎክፖርት ላይ እ.ኤ.አ. በ1877 ሲጀመር በእንፋሎት ነበር፤ የኒው ዮርኩ ከ1882 ጀምሮ እስካሁን በእንፋሎት ይሠራል። ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ሙቀቱን እያወረዱ መሄድ ነው፤ ከ100 ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ፣ ከዚያ ከ100 በታች፣ አሁን ደግሞ 50 እና 60 ዲግሪ ላይ ለማድረስ ነው ሩጫው። ስለዚህ ቡሬ ወይም ባሕር ዳር ያለ የእንፋሎት መስመር የዚሁ ነገር ታላቅ ወንድም ነው። ብልሽቱም አንድ ዓይነት ነው፤ ደንበኛው የማያማርርበት ብልሽት።

የቡሬዋ

ሁላችሁም ተስማማችሁ፤ እኔ ልቃወም። አንድ የምግብ ማቀነባበሪያ ውስጥ በፕሮሰስ ክፍል እሠራለሁ። ቦይለራችን ዲጂታል ነው፤ ግፊቱን፣ የጭስ ማውጫውን ሙቀት፣ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ውሃ ፍሰት ሁሉ ስክሪን ላይ ያሳያል። ኦፕሬተሩ በየሰዓቱ አይቶ ሎግ ሺት ላይ እንዲጽፍ ታዟል። የሌሊቱን ፈረቃ ሎግ ሺት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከላይ እስከ ታች አንድ ቁጥር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ የተሞላ። ስክሪኑ ደግሞ አያስቀምጥም፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል።

ኤአዩ በዚህ ቢሠለጥን የሚማረው የሌሊት ፈረቃውን ጽሑፍ ነው። እኛ የጎደለን ሞዴል ሳይሆን ያልተቀባባ ቁጥር ነው። ቤት ውስጥም ያው ነው። የካርድ ቆጣሪያችን ብሩን ይቆርጣል እንጂ ምጣዱ በስንት ሰዓት እንደተለኮሰ ለማንም አይነግርም። የበዓል ዋዜማ ማታ ስንቱ ቤት አብሮ እንደሚጋግር ትራንስፎርመሩ ሲፈነዳ ነው የምናውቀው።

ሞጣ_ቀራንዮ

«በአንድ ትንፋሽ የተሞላ» 😂 እህቴ የኛን መሥሪያ ቤት የሰዓት መቆጣጠሪያ ፊርማ አይተሻል መሰለኝ።

ማርቆሴ_በስደት

የቡሬዋ ያለችው መሠረቱ ነው። እዚህም ኤአይ ከመምጣቱ በፊት ቆጣሪው ነው የመጣው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2020 ወዲህ የሚተከል የሙቀት ቆጣሪ ሁሉ ከርቀት የሚነበብ እንዲሆን አስገድዷል፤ የድሮዎቹም፣ ወጪው የማያዋጣ ካልሆነ በቀር፣ እስከ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2027 ድረስ ከርቀት እንዲነበቡ መደረግ ወይም መተካት አለባቸው። ቆጣሪው ከመብራት ጋር አይገናኝም፤ በራሱ ባትሪ ከ10 ዓመት በላይ ይሄዳል። ኔትወርክ ቢቋረጥ ንባቡን ራሱ ውስጥ ያስቀምጣል፣ መስመር ሲመለስ ይልካል። ለኛ አገር የሚስማማው ባሕርዩ ይሄ ይመስለኛል፤ ከስክሪኑ ይልቅ።

ስለ ምጣዱ አንድ ልበል። ሙቅ ውሃ ከመብራት የሚለየው መጠበቅ መቻሉ ነው። ማዕከሉ ትልቅ ታንከር ውስጥ ሌሊት አሙቆ ያስቀምጣል፤ የሕንፃው ግድግዳ ራሱ ሙቀት ይይዛል። ጠዋት ሁሉም ገላውን ሲታጠብ የሚመጣውን ጫና ኤአዩ ቀደም ብሎ ቤቱን አሙቆ፣ በዚያ ሰዓት ራዲያተሩን ትንሽ ቀነስ አድርጎ ያሳልፈዋል፤ ነዋሪው ልብ አይልም። ምጣድ ላይ ይህን ለማድረግ እናቶቻችንን ማሳመን አለብህ፤ እኔ አልሞክርም።

ጣና_ዳር

ከአማካሪዬ ጋር ተነጋገርን። የኦልቦርጉ መረጃ ዘዴውን መፈተኛ ይሆናል፤ ሁለተኛው ክፍል አንድ የእንፋሎት ተጠቃሚ ቦታ ላይ የኮንደንሴት መመለሻ መለካት ነው። ቦታው ገና ፈቃድ ላይ ስለሆነ ስሙን አልጽፍም። ትራፖቹ ከላይና ከታች ላይ ርካሾቹን ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰሮች በአርዱይኖ (ፕሮግራም በሚደረግ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ላስር አስቤያለሁ። ንባቡን የሚመዘግበው ሎገር በባትሪ ይሠራል፣ ሜሞሪ ካርድ ላይ ይጽፋል። (የቡሬዋ፣ ሎግ ሺት የለም።)

ሌላ ጥያቄ፦ የኦልቦርጉን መረጃ ስስል በመጋቢት መጨረሻ የጠዋቱ የፍጆታ ጫፍ በድንገት በአንድ ሰዓት ቀደመ። ሁሉም ቤት ላይ በአንድ ቀን። ቆጣሪዎቹ ተበላሽተው ነው?

ማርቆሴ_በስደት

ቆጣሪው ደህና ነው፤ ሰዎቹ ናቸው ሰዓት የሚቀይሩት። እዚህ በመጋቢት መጨረሻ እሑድ ሰዓቱ በአንድ ወደ ፊት ይገፋል፣ በጥቅምት መጨረሻ ይመለሳል። መረጃው በዓለም አቀፉ ሰዓት አቆጣጠር ከተቀመጠ ከተማው በሙሉ በድንገት አንድ ሰዓት ቀድሞ የሚነሳ ይመስልሃል። ወደ አካባቢው ሰዓት ቀይረህ ሞዴሉን አስጀምር። ያኔ ደግሞ በመጋቢት አንድ ሰዓት ይጎድላል፣ በጥቅምት አንድ ሰዓት ይደገማል፤ ያንን በእጅህ አስተካክል።

ዳሞት_ኮድ

ሴንሰሩ ላይ ቆም በል። ዲኤስ18ቢ20 እስከ 125 ዲግሪ ነው የሚችለው። በ7 ባር ያለ እንፋሎት 170 ዲግሪ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ይቃጠልብሃል። ከትራፑ በላይ ላለው ኬ ታይፕ ቴርሞካፕል (ከፍተኛ ሙቀት የሚችል የሽቦ ሴንሰር) ተጠቀም። ርካሹን ለታንከሩና ለመመለሻው መስመር አቆየው።

ትክክለኛነቱንም አስብ። የዲኤስ18ቢ20 ስህተት እስከ 85 ዲግሪ ባለው ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ድረስ ነው። ሁለት ሴንሰር አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ከሳቱ ልዩነቱ በአንድ ዲግሪ ይዛባል። የምትለካው ልዩነት 10 ዲግሪ ከሆነ 10 በመቶ ስህተት ነው። የሙቀት ቆጣሪ ሠሪዎች ሁለቱን ቴርሞሜትር ጥንድ አድርገው አመሳክረው የሚሸጡት ለዚህ ነው። አንተም ሁሉንም ሴንሰሮች አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተህ ልዩነታቸውን መዝግብ፤ በኋላ ትቀንሳለህ።

ጡረተኛ_ቦይለር

ልጄ፣ ከትራፑ በታች ያለው ሙቀት ብቻውን አያወራህም። ደህናው ትራፕም የሚያወጣው ፍል ውሃ መመለሻው መስመር ውስጥ ግፊቱ ሲወርድ በከፊል መልሶ እንፋሎት ይሆናል፤ ስለዚህ ከታች ደህናውም የተበላሸውም ተቀራራቢ ቁጥር ያሳዩሃል። ቴርሞሜትሩ ተዘግቶ የቀረውን ይነግርሃል፤ ተከፍቶ የቀረውን ጆሮ ነው የሚለየው። ያ ኮምፒውተር ድምፅ የሚሰማበት መሣሪያ ካለው እሱን እሰር። ከሌለው ካቻቪቴ ይዤ እመጣለሁ፤ የትኛው ያፏጫል የትኛው ይተነፍሳል እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ጻፍ። ለሞዴልህ መማሪያ ይሆነዋል።

ዳሞት_ኮድ

ጣና ዳር፣ የቴሲስህን ከባዱን ክፍል በነፃ አገኘህ። ይህ ደህና፣ ይህ የተበላሸ ተብሎ የተረጋገጠ ምልክት ያለው መረጃ ሰዎች በገንዘብም አያገኙትም። ለድምፁ አንድ ትንሽ የፒዬዞ ዲስክ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር) ትራፑ አካል ላይ ማሰር ይቻላል፤ ግን ሙቀቱን የሚችል መሆኑን አይተህ፣ ካልሆነ በአጭር የብረት ዘንግ አርቀህ። ካቻቪቴው የሚሠራውን ነው የሚሠራው።

ጣና_ዳር

አያ፣ በግል መልእክት ስልኬን ልኬልዎታለሁ። ፈቃዱ ሲወጣ እደውላለሁ። ምን ይዤ ልምጣ?

ጡረተኛ_ቦይለር

የቆዳ ጓንትና የቀለም እስክሪብቶ። ሽቦ ከመታሰሩ በፊት ትራፖቹ በሙሉ ቁጥር ይጻፍባቸው፣ የመስመሩም ሥዕል በወረቀት ይሠራ፤ ሥዕል ያለው ፋብሪካ እስካሁን አላየሁም። እሑድ ቦይለሩ ቀዝቅዞ እያለ እንገባለን፣ ሰኞ ሲለኮስ ደግሞ አብረን እንሰማለን።